ዲስክ ዲ 11% ላይ ይቆማል፤ ፎርማት ሳይደረግ በፊት ምን ይቅደም? (ባሕር ዳር)

#1 ሽምብጥ_ኤዲቲንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ዴስክቶፕ ነው፣ ዊንዶውስ 10፣ ባለ 3.5 ኢንች 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ ሲ እና ዲ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ። ዲ ላይ 400 ጊጋባይት ገደማ የሰርግ ቪዲዮ አለ፤ ግማሹ ገና ለባለቤቶቹ አልተሰጠም። ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረገ መብራት ሄደ። ከዚያ ወዲህ በተከፈተ ቁጥር «ስካኒንግ ኤንድ ሪፔሪንግ ድራይቭ ዲ» ይላል፣ 11% ላይ ይደርስና ይደርቃል። ቁልፍ ተጭኜ ሳልፈው ዊንዶውስ ይገባል፣ ዲም ይታያል፤ አንዳንድ ፎልደር ስከፍት ግን መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዲስኩ አይንቋቋም፣ አይጮኽም። ያሳየሁት ጠጋኝ «ፎርማት ነው መፍትሔው» አለኝ። ሙሉ ፍተሻ ላስጀምረው ወይስ ሌላ የሚቀድም ነገር አለ?

#2 ፔዳ_ማዶ

ይሄ ቀላል ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቺና እንዲህ ጻፊ፦

ቼክዲስክ ዲ: /አር

ድራይቩ ስራ ላይ ነው ካለሽ ዋይ በይና ሪስታርት አድርጊ። /አር የ/ኤፍን (የስህተት ማስተካከያውን) ስራ ጨምሮ ይሰራል፣ ባድ ሴክተርም (የማይነበብ የዲስክ ቁራጭ ቦታ) ይለቅማል። ማታ ለቀሽው ተኚ።

#3 ታንኳ_ቀዛፊ

ፔዳ፣ ቆይ እስቲ። እህቴ፣ /አርን አሁን እንዳትነኪው። ኮምፒውተሩንም አጥፊው፤ በተከፈተ ቁጥር ዊንዶውስ ያንኑ ፍተሻ ከመጀመሪያው እየጀመረ ያንኑ የታመመ ቦታ ደጋግሞ ያነበዋል።

ቼክዲስክ የፋይል ሲስተም ማስተካከያ ነው፤ ፋይል የማዳን ኃላፊነት የለበትም። ኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ፋይል ሲስተም) የትኛው ፋይል በየትኛው ክላስተር (የሴክተሮች ቡድን) ላይ እንደተቀመጠ የሚጽፍበት መዝገብ አለው፣ ኤምኤፍቲ ይባላል። የቼክዲስክ ስራ ይህ መዝገብ እርስ በርሱ እንዲስማማ ማድረግ ነው። የማይስማማ መስመር ሲያገኝ ይቆርጠዋል፤ መስመሩ የማን ሰርግ እንደሆነ አይጠይቅም። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ መዝገቡ ብቻ ሲዛባ ከእሱ የተሻለ የለም። ዲስኩ ራሱ ማንበብ ሲያቅተው ግን ያልተነበበውን እንደሌለ ቆጥሮ ሊቆርጥ ይችላል።

ያንቺ ምልክት ወደ ሁለተኛው ያጋድላል። መዝገቡ ብቻ የተዛባበት ዲስክ ስህተት ይቆጥራል፣ ያስተካክላል፣ ይጨርሳል። አንድ ቁጥር ላይ የሚደርቀው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ አንድ ሴክተር እምቢ ብሎት እየደጋገመ ሲሞክር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የዲስኩን ጤና እንይ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም (መጫን የማይፈልገውን፣ ዚፕ የሆነውን) በሌላ ኮምፒውተር አውርደሽ በፍላሽ አምጪ። ሲነሳ ፍተሻውን ቁልፍ ተጭነሽ እለፊው። ከገባሽ በኋላ በሚቀጥለው እንዳይጀምር፦

ቼክኤንቲኤፍኤስ /ኤክስ ዲ:

(ትእዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፈው። ክፍት ቦታውና ስላሹ እንዳሉ ይግቡ።) ከዚያ የ05፣ የሲ5፣ የሲ6፣ የሲ7 እና የ09 መስመሮች መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር እዚህ ለጥፊ። ዲን አትክፈቺ፣ ምንም አትቅጂበት።

#4 ሽምብጥ_ኤዲቲንግ

ቢጫ ነው፣ «ኮሽን» ይላል።
05 → 0
09 → 4ኤ38
ሲ5 → 18
ሲ6 → 18
ሲ7 → 0

#5 ታንኳ_ቀዛፊ

ፕሮግራሙ ሳይነካ ሲቀር በሄክስ (በ16 በሚቆጠር አጻጻፍ) ነው የሚያሳየው። ፈንክሽን፣ አድቫንስድ ፊቸር፣ ሮው ቫልዩስ ገብተሽ 10 ዴክ ብትመርጪ በለመድነው ቁጥር ይመጣል። ተርጉሜ ላስቀምጥልሽ፦ 18 ማለት 24 ነው፣ 4ኤ38 ደግሞ 19,000 ሰዓት። ሳይጠፋ ቢቆጠር ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ የሰራ ዲስክ ነው። ሽማግሌ አይባልም።

ሲ5 ማለት ዲስኩ ማንበብ አቅቶት ገና ያልወሰነባቸው ሴክተሮች ናቸው። 05 ደግሞ ተስፋ ቆርጦ በመጠባበቂያ የተካቸው። ያንቺ 05 ዜሮ ሆኖ ሲ5 24 መሆኑ ከመብራቱ ጋር ይገጥማል። ዲስኩ እየጻፈ ኃይል ሲቋረጥ ሴክተሩ ላይ ያረፈው ዳታና የማረጋገጫ ኮዱ አይገናኙም፤ ቦታው ጤነኛ ቢሆንም ሲነበብ «አልችልም» ይላል። በላዩ አዲስ ነገር ሲጻፍበት ሊድን ይችላል። ችግሩ አሁን እንዲጻፍበት አንፈልግም፣ ምክንያቱም የድሮው ዳታ እዚያ ነው ያለው።

ሌላም ነገር። ዛሬ ያሉት ዲስኮች በውስጣቸው ባለ 4,096 ባይት ሴክተር ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ 512 ከፋፍለው ያሳያሉ። አንዱ ሲበላሽ 8 ሆኖ ይቆጠራል። 24 ለ8 ሲካፈል 3፣ ማለትም በእውኑ የታመሙት ሦስት ቦታዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። መጠኑ 12 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ የት እንደወደቀ ነው ጉዳዩ። ፎልደር ሲከፈት የሚደርቅ ከሆነ ቪዲዮው ውስጥ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ነው የምገምተው።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ፦ ዲስኩን ሴክተር በሴክተር ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ጥገናውን ግልባጩ ላይ መስራት፣ ዋናውን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ።

#6 ፔዳ_ማዶ

ማይክሮሶፍት ራሱ ቼክዲስክን ማቋረጥ ዲስኩን ከነበረበት አያብሰውም ይላል። ምን ያስፈራል?

#7 ታንኳ_ቀዛፊ

እሱ ልክ ነው፣ ግን ስለ ማቋረጡ ነው የሚያወራው። እኔ የምፈራው ሳይቋረጥ ከጨረሰ ነው። /አር ማንበብ ያቃተውን ሴክተር የያዘውን ክላስተር «ባድ» ብሎ ይመዘግባል፣ ማንበብ የቻለውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል፣ የቀረው ጠፋ ማለት ነው። ያ ሁሉ ጽሕፈት የሚሆነው በታመመው ዲስክ ላይ ነው፤ ከጨረሰ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻ የለም። ደግሞ ጊዜውን አስበው፦ /አር 1 ቴራባይቱን በሙሉ ያነባል፣ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ እንኳ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ባድ ሴክተር ላይ ሲደርስ በእያንዳንዱ መጠበቅ አለ። በዚህ ሁሉ መሀል መብራት አይሄድም ብለህ ትምላለህ?

#8 ጭስ_ዓባይ

መገልበጡን እኔ ልጻፈው። የሚያስፈልጉ፦ አዲስ ወይም ጤናው የታወቀ 1 ቴራ ወይም ከዚያ በላይ ዲስክ፣ ሁለት ፍላሽ (አንዱ 4 ጊጋ ቢሆንም ይበቃል)፣ አንድ ተጨማሪ የሳታ ኬብል (ዲስክን ከማዘርቦርድ የሚያገናኘው)። መጠኑ «1 ቴራ» ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ 1,000,204,886,016 ባይት ነው፣ ካነሰ ግልባጩ ጫፍ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ አስቀድመሽ ቁጥሩን አስተያዪ።

በአንደኛው ፍላሽ ላይ ሲስተም ሬስኪው የሚባለውን የሊኑክስ ስርጭት በሩፈስ (ፍላሽን ማስነሻ በሚያደርገው ፕሮግራም) ጫኚ። ኡቡንቱም ይሆናል፣ ግን ዲዲሬስኪው (መገልበጫው ፕሮግራም) አብሮት ስለማይመጣ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ዲስኮችን በአንድ ክሊክ ይከፍታቸዋል፣ ያንን አንፈልግም። ሁለቱንም ዲስክ በሳታ አገናኝተሽ ከፍላሹ አስነሺ። መጀመሪያ፦

ኤልኤስቢኤልኬ -ኦ ኔም,ሳይዝ,ሞዴል,ሲሪያል

እዚህ ላይ ሲሪያል ቁጥሩን ከዲስኩ ጀርባ ካለው ወረቀት ጋር በዓይንሽ አመሳክሪ። ታማሚው ኤስዲኤ፣ አዲሱ ኤስዲቢ፣ ባዶው ፍላሽ ኤስዲሲ ነው እንበል። ስሞቹ በተነሳ ቁጥር ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ትናንት ኤስዲኤ የነበረው ዛሬ ኤስዲቢ ሊሆን ይችላል። ምንጩና መድረሻው ከተገላበጠ ባዶው ዲስክ በሰርጉ ላይ ይገለበጣል፣ ከዚያ ማንም አያድነውም።

ማክዲር /ኤምኤንቲ/ኤፍ
ማውንት /ዴቭ/ኤስዲሲ1 /ኤምኤንቲ/ኤፍ
ዲዲሬስኪው -ኤፍ -ኤን /ዴቭ/ኤስዲኤ /ዴቭ/ኤስዲቢ /ኤምኤንቲ/ኤፍ/ማፕ

መጨረሻ ላይ ያለችው «ማፕ» የት እንደደረሰ የሚመዘግብባት ፋይል ናት። መብራት ሄዶ ቢመጣ ያንኑ ትእዛዝ ስትደግሚ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ማፕ ፍላሽ ላይ መቀመጥ አለባት፤ ከፍላሽ የተነሳ ሊኑክስ የራሱን ፎልደሮች የሚይዘው በራም ስለሆነ እዚያ ብትተዪያት ከመብራቱ ጋር ትጠፋለች። ለባሕር ዳር ከዚህ የተሻለ ፕሮግራም አልተሰራም።

-ኤን ማለት «አስቸጋሪውን እየዘለልክ ጤነኛውን ቶሎ አውጣ» ነው። ሲጨርስ ለአስቸጋሪዎቹ፦

ዲዲሬስኪው -ኤፍ -ዲ -አር3 /ዴቭ/ኤስዲኤ /ዴቭ/ኤስዲቢ /ኤምኤንቲ/ኤፍ/ማፕ

ሦስቴ ይሞክራል። ከዚያ በላይ ማስጨነቅ ትርፉ ትንሽ ነው። በመሀል መንቋቋት ከጀመረ ወዲያው አጥፊ።

#9 ዘጌ_ቡና

ስለ መብራቱ ልጨምር። ብዙ ሰው «ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ በዩኤስቢ ሰክቼ እሰራለሁ» ይላል። ለባለ 2.5 ኢንች ዲስክ እውነት ነው፣ ከዩኤስቢው 5 ቮልት ይበቃዋል። ባለ 3.5 ኢንች ግን 12 ቮልት ይፈልጋል፣ እሱ የሚመጣው ግድግዳ ላይ ከሚሰካው አዳፕተር ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በርቶ ይቆያል፣ ዲስኩ ይሞታል፣ ጽሕፈቱ መሀል ላይ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ላፕቶፑን ትተሽ ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) ለአዳፕተሩ ብቻ ስጪው። ዲስኩ የሚበላው 10 ዋት እንኳ ስለማይሞላ፣ 650 ቪኤ የሆነ ተራ ዩፒኤስ ባትሪው ካላረጀ ከአንድ ሰዓት በላይ ይይዘዋል። ያው ዩፒኤስ ሙሉ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ተሸክሞ ሩብ ሰዓት ከሰጠሽ አመስግኚው።

በዴስክቶፕ የምትሰሪ ከሆነ ግልባጩ ከጀመረ በኋላ ሞኒተሩን አጥፊው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ባትሪው እስኪያልቅ አትጠብቂ፣ ኮንትሮል ሲ ተጫኚና በሥርዓት አጥፊው።

ሙቀቱንም እዩት። በሚያዝያ ከሰዓት፣ ክፍሉ በተዘጋበት፣ ዲስክ በቀላሉ 50 ዲግሪ ይገባል። ከ55 ካለፈ አቁሙና ማራገቢያ አዙሩበት፤ አብዛኛው ዲስክ የተፈቀደለት እስከ 60 ነው።

#10 ግሽ_ዓባይ_07

ሰው ሁሉ የሐይቁ እርጥበትና ከፍታው ነው ዲስክ የሚያበላሸው ይላል። እውነት ነው? ዲስክ ፍሪዘር ውስጥ አስገብቶ ማዳንም ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

#11 ታንኳ_ቀዛፊ

ከፍታው አይደለም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የዴስክቶፕ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ገደማ እንዲሰሩ ተደርገው ነው የሚወጡት። ፍሪዘሩን ተወው፦ ከብርድ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ በዚያ ላይ ሳህኑ ሲሽከረከር የቀረውም ያልቃል። ለዲስክ አደገኛው ነገር ሳይጠፋ ማንቀሳቀስ ነው። ላፕቶፑን ከድነው ቦርሳ ውስጥ ከትተው ባጃጅ ላይ የሚወጡ አሉ፤ ስሊፕ እስኪገባ ዲስኩ እየተሽከረከረ ነው፣ ኮብልስቶኑ ደግሞ ይታወቃል።

#12 ሰፈነ_ሰላም_ኔት

የእኔም ዲስክ ተበላሽቷል ብዬ ልጥል ነበር፣ ግን ሲ5 ዜሮ፣ ሲ7 1,340 ነው። ፍተሻው «ስህተት የለም» ይላል፣ ፋይል ሲገለበጥ ግን ይንቀረፈፋል።

#13 ጭስ_ዓባይ

ሲ7 የመገናኛ ስህተት ነው፤ ዲስኩን አትጣለው፣ የሳታ ኬብሉን ቀይር። ያላላ ወይም ሹል ሆኖ የታጠፈ ኬብል ይሆናል፣ ወይም ማዘርቦርዱ ላይ ሶኬቱ አቧራ ይዟል። ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ከቀየርክ በኋላ 1,340 ላይ ከቆመ ድኗል፣ መጨመር ከቀጠለ ሌላ ሶኬት ሞክር።

#14 ሽምብጥ_ኤዲቲንግ

ጨረሰ። መሀል ላይ አንዴ መብራት ሄዶ ነበር፣ ከነበረበት ቀጠለ። መጨረሻ ላይ «ሬስኪውድ 99.99%»፣ ባድ 8192 ባይት ይላል። አሁንስ?

#15 ታንኳ_ቀዛፊ

በጣም ጥሩ ነው። ከሦስቱ አንዱ ተነቧል፣ ሁለት የ4 ኪሎባይት ቦታ ቀርቷል ማለት ነው። ኤምኤፍቲ ውስጥ የአንድ ፋይል መዝገብ 1 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ የጠፋው እዚያ ከሆነ በከፋ ቢባል የስምንት ፋይል መዝገብ ነው። ቪዲዮው ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንድ ቦታ ላይ ብልጭ ብሎ ያልፍ ነበር። የማይከፈተው ማውጫው የተጻፈበት ቦታ ላይ ከወደቀ ነው፤ የብዙ ካሜራ ኤምፒ4 ማውጫውን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

አሁን ዋናውን ዲስክ ከማሽኑ ንቀዪ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ስላላቸው ዊንዶውስ አብረው ሲያያቸው አንዱን ኦፍላይን ያደርገዋል። በግልባጩ አስነሺና፣ ፍተሻ ልጀምር ካለ እለፊው፣ መጀመሪያ ዝርዝር አውጪ፦

ዲር ዲ:\ /ኤስ > ሲ:\ዝርዝር.ቲኤክስቲ

ቀጥሎ አስቸኳይ የሆኑትን ሰርጎች ወደ ውጫዊ ዲስክ ቅጂ። ከዚያ ያለ ምንም ተጨማሪ ምልክት ቼክዲስክ ዲ: ብቻ በዪ፣ ምን እንደሚያደርግ ይነግርሻል እንጂ አይነካም። ያየሽው ካልከፋ፦

ቼክዲስክ ዲ: /ኤፍ

/አር አያስፈልግም፣ የአዲሱ ዲስክ ሴክተሮች ጤነኛ ናቸው። ዊንዶውስ ቀድሞ «ባድ» ብሎ የመዘገባቸው ክላስተሮች ግን ከግልባጩ ጋር አብረው መጥተው ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ማጠቃለያ ባድ ሴክተር ላይ ከዜሮ በላይ ካሳየሽ፣ አንድ ቀን ዩፒኤሱ ሞልቶ ሲገኝ /ቢን አስኬጂ፤ እነሱን እንደገና መርምሮ ይለቃቸዋል።

ዲ ስራ ላይ ስላልሆነ ቼክዲስኩ ኮምፒውተሩ እንደገና ሳይነሳ እዚያው ይሰራል፣ ውጤቱንም ስክሪኑ ላይ ታያለሽ። በማስነሻ ጊዜ ከሰራ ውጤቱ ኢቨንት ቪውወር ውስጥ፣ ዊንዶውስ ሎግስ፣ አፕሊኬሽን፣ ምንጩ ዊንኢኒት በሚለው ስር ይገኛል። ባለቤት ያጡ ቁርጥራጮች ዲ ላይ ፋውንድ.000 በሚባል የተደበቀ ፎልደር ይቀመጣሉ፤ ሳታዪ አትሰርዢው።

#16 ሽምብጥ_ኤዲቲንግ

አምስት ፋይል ላይ «ዲሊቲንግ ኢንዴክስ ኤንትሪ» አለ። ከዝርዝሩ ጋር ሳስተያይ ሦስቱ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ፋይሎች ናቸው። ሁለቱ የካሜራ ክሊፖች ናቸው፣ ካርዱ ደግሞ ተደምስሷል። ፎልደሮቹ አሁን አይደርቁም።

#17 ጭስ_ዓባይ

ክሊፖቹ አሉ፣ ስማቸውና አድራሻቸው ነው የጠፋው። ዲ ላይ ከዚህ በኋላ ምንም እንዳይጻፍ፣ ኤክስፖርትም ወደ ሌላ ዲስክ ይሁን። ፎቶሬክን (የጠፉ ፋይሎችን ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም፣ ከቴስትዲስክ ጋር በአንድ ዚፕ ይመጣል) አስነስተሽ፣ ዲን መርጠሽ፣ «ፍሪ» የሚለውን በዪ፤ ባዶ የተባለውን ቦታ ብቻ ይፈልጋል። በፋይል ኦፕት ውስጥ ሞቭ የሚለውን ብቻ ተዪለት፣ ኤምፒ4ም እዚያው ውስጥ ነው። መድረሻው ውጫዊ ዲስክ ይሁን። ስም የለሽ ሆነው ነው የሚወጡት፣ በመጠንና በርዝመት ትለያቸዋለሽ። ክሊፑ ዲስኩ ላይ ተቆራርጦ ተቀምጦ ከነበረ ግን ፎቶሬክ አይገጣጥመውም።

ካርዱንም ገና ካልቀረጽሽበት በፎቶሬክ ሞክሪው፤ በካሜራ ውስጥ የሚደረግ ፈጣን ፎርማት ብዙ ጊዜ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው።

#18 ፖሊ_ግቢ

ጣልቃ ልግባ። ፍላሼ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፣ ቼክዲስክ /ኤፍ ምንም አላገኘም።

#19 ዘጌ_ቡና

የፋይል ሲስተም ችግር ስላልሆነ ነው። ሾርትከት ቫይረስ ፋይሎቹን ደብቋቸዋል። ሾርትከቱን አትክፈት፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ አጽዳ፣ ቀጥሎ (ፍላሹ ኢ ከሆነ)፦

አትሪብ -ኤች -አር -ኤስ ኢ:\*.* /ኤስ /ዲ

ሾርትከቶቹን ሰርዝ። ከዚያም ኮፒ ቤት ስትሄድ የምትይዘው ፍላሽ ላይ ብቸኛ ቅጂህን አትያዝ።

#20 በላይ_ዘለቀ_ሊኑክስ

ኡቡንቱ ለምትጠቀሙ፦ የኤክስት4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ፓርቲሽን ተከፍቶ እያለ ኤፍኤስሲኬ (የሊኑክሱ ቼክዲስክ) አይሮጥበትም፣ የባሰ ያበላሸዋል። ከፍላሽ አስነስታችሁ ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ /ዴቭ/ኤስዲኤ2 በሉ፤ ቁጥሩ የእናንተው ነው። ኤንቲኤፍኤስን ደግሞ ከሊኑክስ ውስጥ እጠግናለሁ አትበሉ። ኤንቲኤፍኤስፊክስ ጥቂት ነገር አስተካክሎ ቀጣዩን ፍተሻ ለዊንዶውስ ይተዋል፣ የቼክዲስክ ምትክ አይደለም። ዊንዶውሱ «ሪድ ኦንሊ» ሆኖ ከተከፈተባችሁ ደግሞ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ዊንዶውስ በግማሽ ተኝቶ ነው። ዊንዶውስ ገብታችሁ በአድሚኒስትሬተር ፓወርሲኤፍጂ /ኤች ኦፍ በሉ።

#21 ሽምብጥ_ኤዲቲንግ

አንዱ ክሊፕ ሙሉ ወጣ፣ ሌላው ግማሹ ላይ ይቆማል፤ ካርዱ ላይ ግን ሙሉው ተገኘ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሮጌውን ዲስክ ምን ላድርገው?

#22 ታንኳ_ቀዛፊ

ቪዲዮዎቹን አስረክበሽ እስክትጨርሺ አትንኪው። ከዚያ ሙሉ ፎርማት አድርጊው፣ «ኩዊክ» የሚለውን ምልክት አንስተሽ። ከቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት በየሴክተሩ ዜሮ ይጽፋል። ሲጨርስ ሲ5ን እዪ። ወደ 0 ከወረደና 05ም 0 ሆኖ ከቀረ ጉዳቱ የመብራቱ ነበር፤ ለፊልምና ለሙዚቃ ይሆናል። 05 ከጨመረ ወይም ከሳምንታት በኋላ ሲ5 ከተመለሰ ዋጋ የሌለው ቁርጥራጭ ብረት ነው።

#23 ዘጌ_ቡና

ባዮሱ ውስጥ ገብተሽ «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ» የሚለውንም ኦፍ አድርጊው። አንዳንድ ማሽን ላይ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ ይነሳል፤ መብራቱ እንደመጣ ደግሞ ሁለት ሦስቴ ሄድ መጣ ማለቱ የታወቀ ነው።